ዛንዚባር፦ ሆቴል ከመያዝ በፊት ጨረቃዋን ማየት

ዛንዚባር ለዕረፍት ለመሄድ ለምታስቡ፣ እስካሁን ያጠራቀምነውን ላካፍላችሁ። አብዛኛው ሰው እቅዱን የሚጀምረው ሆቴል ከመምረጥ ነው። እኛ አሁን የምንጀምረው ጨረቃን ከመቁጠር ነው። እዚያ ባሕሩ በጨረቃ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። መቼ እንደሚዋኝ፣ ጀልባ መቼ እንደሚነሳ፣ አንዳንዴም ምሳ ቤት በእግር ይኬድ ወይስ በጀልባ የሚወስነው እሱ ነው።

ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በየቀኑም ሰዓቱ በ50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትጠፋበት ሰሞን በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል፤ በግማሽ ጨረቃ ግን በጣም ይጠብባል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ማቴምዌ ላይ፣ የባሕሩ ወለል ሜዳ ስለሆነ ውሃው በጎደለ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸሻል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰማያዊ ውሃ የተነሳው በሙላት ሰዓት ነው። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና በተለይም ኬንድዋ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ ይዋኝባቸዋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ወይም የሰዓት ጣጣ ካልፈለጋችሁ ኬንድዋ ይሻላል። ነፋስ የሚፈልግ የካይት (ሰሌዳ ላይ ቆመው በነፋስ እየተጎተቱ ባሕር ላይ የሚንሸራተቱበት ስፖርት) ተጫዋች ደግሞ ፓጄን ይምረጥ።

አሁን ዋናው ወጥመድ፦ ሰዓት አቆጣጠር። በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ዛንዚባር ላይ ባሕሩ የሚጎድለው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ። የሙላትና የጉድለት ሰዓት የሚወጣበት የባሕር ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሚታተም ጉድለቱን 10:00፣ ሙላቱን 16:00 ብሎ ያሳያችኋል። «10:00» የሚለውን እንደኛ 10 ሰዓት ካነበባችሁት የተሳሳታችሁት በ6 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ደግሞ ሙላትን ጉድለት፣ ጉድለትን ሙላት ያደርገዋል። ትንሽ መዛነፍ ሳይሆን ነገሩ በሙሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ላይ ስትገለብጡ ወዲያው 6 ቀንሳችሁ በኛ ሰዓት ጻፉት። የሰዓት ክልሉ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ስለሆነ ሌላ ሒሳብ የለውም።

ይህ ለመኪና ቀጠሮም ይሠራል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደኛው ነው፤ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ሲላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ችግሩ ለቱሪስት ሲሆን ያው ሹፌር በፈረንጅ ሊናገር ይችላል። ቀጠሮ ስትይዙ «ፀሐይ ከወጣች ስንት ሰዓት በኋላ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ወሩን በተመለከተ፣ ለእኛ ሰው በጣም የሚያስቸግረው ፋሲካ ነው። ፋሲካ ሁሌም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ይውላል፤ ያ ደግሞ «ማሲካ» የሚባለው ትልቁ ዝናብ የሚወርድበት ወቅት ነው፤ አንዳንድ ማረፊያዎችም ይዘጋሉ። ዋጋው ይረክሳል፣ ግን ለባሕር ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት አይመከርም። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሰሞን ደረቅ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ሙቀቱ ይበረታል፣ የፈረንጆቹ በዓል ጫፍ ላይ ዋጋው ይሰቀላል፤ ባሕሩ ግን ጥሩ ነው። ኅዳር ላይ አጭሩ ዝናብ አለ።

በጉድለት ሰዓት ወለሉ ላይ መራመድ ከመዋኘት የማይተናነስ ደስታ ነው፤ ኮከብ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ሴቶቹ በችካልና በገመድ የሚያለሙት የባሕር አረም ይታያል። ገመዱን አትርገጡ፤ መተዳደሪያቸው ነው። ፎቶም ሳትጠይቁ አታንሱ። ጫማ ግዴታ ነው፤ የባሕር ጃርት እሾህ በቀጭን ሰንደል ጎን ይገባል፣ ከገባ በኋላም ይሰበራል። ከወጋችሁ አትቆፍሩት፤ የሚቻል ያህል ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት።

ከዚህ የሚከፋው መመለሻ ሰዓትን ማሳለፍ ነው። ውሃው ሲመለስ ፍጥነቱ እኩል አይደለም። ልዩነቱ 4 ሜትር በሆነበት ቀን በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን በየሰዓቱ 1 ሜትር ያህል ይወጣል። በዚያ ላይ በእናንተና በዳርቻው መካከል ያለው ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላል፤ የቆማችሁበት ደረቅ ሆኖ ሳለ ከኋላችሁ ይዘጋል። ጉድለቱ ጫፍ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ውጡ፣ ጫፉ ሲደርስ ፊታችሁን ወደ ዳርቻው አዙሩ።

ጀልባም እንዲሁ ነው። ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር አሮጌ ከተማ) ፊት ለፊት ያለው የናኩፔንዳ የአሸዋ ደለል ሲሞላ ይሰወራል፤ ጉዞውን በጉድለት ሰዓት ያዙት። ምኔምባ በምትባለው ትንሽ ደሴት ዙሪያ ዓሣ ለማየት ከማቴምዌ የሚነሱ ጀልባዎች ደግሞ ሞላ ያለ ውሃ ይፈልጋሉ። ፒንግዌ ላይ ዓለት ላይ የተሠራው ምግብ ቤት በጉድለት በእግር፣ በሙላት በጀልባ ይኬዳል። የኪዚምካዚ ዶልፊኖችን ብንዘላቸው እንመርጣለን፤ ብዙ ጀልባ አንድ ላይ ሲያባርራቸው ማየት ያሳዝናል።

ወረቀቱ ላይ፦ ቪዛ ከትኬት ይቀድማል። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ የሚሠራው ከተወጉ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዛንዚባር የራሱ የጉዞ መድን ግዴታ ሆኗል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ መድን ቢኖራችሁም አይቀርም። ፌስታል ክልክል ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ከረጢት ጠቅልሉ። ያረጀና ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ዶላር ብዙ ቦታ አይቀበሉም፤ ገንዘቡን አገር ቤት ስትረከቡ ዓመተ ምሕረቱን እያያችሁ ተቀበሉ።

ለጾመኛ ምግብ አይቸግርም፤ በኮኮናት የተሠራ ባቄላ፣ «ምቺቻ» የሚሉት ጎመን፣ ሩዝ በየቦታው አለ። የተነጠረ ቅቤ «ሳምሊ» ስለሚባል ቻፓቲ ላይ ጠይቁ። በረመዳን ቀን ቀን ስቶን ታውን ውስጥ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል። ከባሕር ዳርቻው ውጭ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይደረግ።

ሞተር ወይም መኪና የምትከራዩ ከሆነ የሚነዳው በግራ ነው፤ የዛንዚባር የመንጃ ፈቃድ ወረቀትም ከአከራዩ ጋር ቀድማችሁ አስወጡ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል።