በርበሬ፣ በርበሬ፣ በርበሬ

አክስቴ የባልትና ሱቅ አላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ድልህ። ድረ ገጽ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሙያውን በሁለት ሌሊት ስለተማርኩት ማን ይቻለኝ! ሦስት ወር ሞላን፤ ጎግል ላይ የሱቁን ስም ስንጽፍ የሚመጣው ግን የአጎቴ ልጅ ስለ ርግብ እርባታ የሚጽፍበት ገጽ ነው። ለዝምድናው ሲል ከግርጌው የሱቃችንን ስምና ሊንክ አስቀምጦልን ነበር። አክስቴ በየሳምንቱ «ዛሬስ ተገኘሁ?» ይላሉ። እኔ ርግቦቹን እደብቃለሁ።

እንደ አዋቂ ማብራራት ጀመርኩ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ጎግልን በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲመሠርቱ፣ አንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን ሊንክ እንደ ምስክርነት ቆጠሩት፤ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ ምስክርነቱ ይበልጥ ይመዝናል አልኳቸው።

«ይህማ የታወቀ ነው» አሉ አክስቴ። «ለእኛ ማን መሰከረ?»

ርግቦቹ።

ምስክር እስኪመጣ መጠበቅ ስላልሆነልኝ ወደ ማታለል ዞርኩ። በነጩ ገጽ ግርጌ፣ በነጭ ቀለም፣ «በርበሬ» የሚለውን ቃል ሁለት መቶ ጊዜ ደረደርኩ። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ግን ያነበዋል። ድልህንም ፈላጊው በየትኛው ፊደል እንደሚጽፈው ስለማይታወቅ ድልህ፣ ድልሕ፣ ድልኅ ብዬ ሦስቱንም አሰለፍኩ። ይህ ዘዴ ያረጀና የተከለከለ መሆኑን፣ ጎግል በ2006 በተመሳሳይ ማታለል የጀርመኑን ቢኤምደብልዩ ድረ ገጽ ሳይቀር ከውጤቱ አውጥቶት እንደነበር ያነበብኩት በኋላ ነው።

በማግስቱ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ሱቁ ምን ነክቶት ነው እንደ ለከፈው ሰው በርበሬ በርበሬ የሚለው?»

ለካ የአክስቴ ስልክ ለዓይናቸው እንዲመች ጥቁር መደብ ላይ ተደርጓል። ስልኩ የገጹን ነጭ መደብ ወደ ጥቁር ሲለውጥ ነጩን ጽሑፍ እንዳለ ተወው። ሁለት መቶው በርበሬ እንደ ክዋክብት በርቷል።

«ደግሞ ድልህ መጻፍ አቅቶህ ሦስት ጊዜ ሞክረሃል» አሉ። «ተማርኩ አላልክም?»

ሌሊቱን ሳጠፋ አደርኩ። ሳጠፋ ሳለሁ ነው ድረ ገጹን በሠራሁበት በወርድፕሬስ ማስተካከያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን ያየሁት፤ «የመፈለጊያ ሞተሮች ይህን ድረ ገጽ እንዳይመዘግቡ» ትላለች። ምልክት ተደርጎባታል። ገጹ ገና ሳያልቅ ማንም እንዳያየው ብዬ በመጀመሪያው ሌሊት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ጎግልን አትግባ እያልኩ ለምን አልገባም ስል ከርሜአለሁ። ደግነቱ፣ ሁለት መቶው በርበሬም ከአክስቴ በቀር ያየው አልነበረም።

ለአክስቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «በሩን ቆልፈህ ነዋ ገበያ ቀዘቀዘ ስትለኝ የነበረው» አሉ።

ምልክቱን አነሣሁ። እያንዳንዳቸው ገጹን በኤሊ እርምጃ ያስኬዱ የነበሩትን ግዙፍ ፎቶዎችም አሳነስኩ። ከዚያ በኋላ አክስቴ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሽሮ እንዳይነቅዝ እንዴት ይቀመጣል? በርበሬው ቀለሙን እንዳይለቅ ምን ይደረጋል? ደንበኞች ሱቅ መጥተው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ጎግል ላይም የሚጽፉት ይህንኑ መሆኑን ለመረዳት ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ነበረብኝ።

ከሳምንታት በኋላ የሱቁን ስም ስንጽፍ መውጣት ጀመርን። ሁለተኛ ነን፤ አንደኞቹ ርግቦቹ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ደውሎ የጥንድ ርግብ ዋጋ ጠየቀ። አክስቴ «ርግብ እንኳ ጨርሰናል፤ ድልህ ግን አለ» ብለው አንድ ኪሎ ሸጡለት።