አንድ ሰው፣ አርባ አንድ ጊዜ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥናቴን ሳቀርብ የገጠመኝን ጥያቄ ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ከጎዛምንና ከማቻከል ወረዳዎች ሥልጠና የደረሳቸውን ሦስት ቀበሌዎች ካልደረሳቸው ሦስት ጋር አነጻጽሬ ነበር፤ በየቀበሌው 60 አባወራዎችን ስለ ስንዴ ዘር ከማን ጋር እንደሚመካከሩ ጠይቀን ስድስት ኔትወርኮች፣ ማለትም ማን ከማን ጋር እንደሚመካከር በክብና በመስመር የሚያሳዩ ሥዕሎች አወጣን። ስልሳ ሰው 1,770 ጥንድ ይሆናል፤ የስድስቱ ቀበሌዎች ሲደመር 10,620። እኔም እያንዳንዱን ጥንድ ራሱን እንደቻለ ምስክር ቆጥሬ ካይ ስኩዌር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፈተና ሠራሁበት፤ ፒ ቫልዩው (ሥልጠናው ምንም ባያመጣ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) ከነጥቡ በኋላ ዜሮ በዜሮ ሆኖ ወጣ፤ አለቃዬም ደስ ብሏቸው በቀይ እንዳደምቀው አዘዙኝ።

ከታዳሚው መካከል ለጡረታ የተቃረቡ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ።

«ይህ መሐል ላይ ያለው ትልቅ ክብ ማን ነው?»

«ሞዴል አርሶ አደሩ ናቸው፤ 41 ሰዎች ጠቅሰዋቸዋል።»

«አውቃቸዋለሁ። ወንድም ዓለም፣ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ናቸው፤ አንተ ግን አርባ አንድ ማስረጃ አደረግሃቸው። ሥልጠናው ሳይመጣም ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር።»

«ጋሼ፣ እሱ በስታቲስቲክስ ይታረማል» አልኳቸው። ምንም ያረምኩት ነገር አልነበረም። «እሺ» ብለው ተቀመጡ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ እሺታቸው ነው።

ማታ የስድስቱን ቀበሌዎች ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ አልጋዬ ላይ ደረደርኩ። ሥልጠናው ምንም አላመጣም ከተባለ፣ «የሠለጠነ» የሚለው ስም በየትኞቹም ሦስት ቀበሌዎች ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ከስድስት ሦስት የሚመረጥበት መንገድ ደግሞ 20 ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ኔትወርክ አንድ የጥግግት ቁጥር (ከጥንዶቹ ምን ያህሉ እንደሚመካከሩ) ሰጥቼ ወረቀቶቹን ባገላብጥ፣ የእኔ ልዩነት ከሃያዎቹ ሁሉ ትልቁ ሆነ። ሆኖም ቡድኖቹ ቦታ ሲለዋወጡ ያው ልዩነት በተቃራኒው ስለሚመጣ ፒ ቫልዩው 2 ለ20፣ ማለትም 0.1 ነው፣ ከተለመደው የ0.05 ወሰን በላይ፤ በስድስት ቀበሌ ልዩነቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ከዚህ አይወርድም። (ያውም ቀበሌዎቹ በዕጣ ቢመረጡ ነው፤ የኛዎቹ የተመረጡት መኪና ስለሚገባባቸው ነበር።) የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 የጻፈላት፣ ወተቱ ይቅደም ሻዩ ቀምሼ እለያለሁ ያለችው ሴትዮ እንኳ ስምንት ስኒ ቀርቦላታል፤ አራት ለአራት ሲሆን መንገዱ 70 ይደርሳል።

በማግስቱ ለአለቃዬ በየወገኑ አንድ አንድ ቀበሌ ቢጨመር ዝቅተኛው ፒ ቫልዩ 2 ለ70፣ ወደ 0.029 ገደማ እንደሚሆን አስረዳኋቸው። «ነዳጁስ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ሪፖርቱ ከነዜሮዎቹ ታተመ፤ ስሜም ሽፋኑ ላይ አለ።

አንድ ቅጂ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ያንን ክብ እስኪያገኙ ድረስ ገጹን ገለጡና «አሁንም አርባ አንድ ናቸው?» አሉኝ።