ሲድማውዝ፦ መግቢያ የማይከፈልበት የአህዮች ግቢ

ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ ሲድማውዝ ባቡር አይገባም፤ መስመሩ በ1967 ተዘግቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከለንደን ፓዲንግተን ተነስቼ ኤክሰተር ወረድኩ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የአህዮች መጠለያ በጎ አድራጎት ድርጅት ዋና ግቢ፣ ስሌድ ሃውስ ፋርም፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ጉልበቱ የጸና በእግሩ ይወጣዋል፤ ዳገቱ ግን የዋዛ አይደለም።

በሩ ላይ ትኬት ቆራጭ የለም። መግቢያው ነጻ፣ መኪና ማቆሚያውም ነጻ። ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ከጀርባው ሒሳብ አለ። ከድርጅቱ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኑዛዜ የሚመጣ ነው። ዛሬ በር ላይ አሥር ፓውንድ የተጠየቀ ቤተሰብ ከፍሎ፣ አይቶ፣ ይሄዳል። በነጻ የገባው ግን ደጋግሞ ይመጣል፤ ልጆቹ የአህዮቹን ስም ያጠናሉ፣ አንዷን በማደጎ ይይዛሉ (ወደ ቤት ሳይወስዱ ለእንክብካቤዋ ይከፍላሉ)፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የአንዳቸው ጠበቃ ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ግቢው ውስጥ በኑዛዜያቸው ድርጅቱን ያሰቡ ሰዎች ስም የተጻፈበት የመታሰቢያ ግድግዳ አለ። የሚያነበው ጎብኚ ምንም ስጡ አልተባለም፤ ሌሎች ያደረጉትን ግን አይቷል። በእኔ ግምት ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ የሚሠራው ይሄ ግድግዳ ነው።

ድርጅቱ ራሱ የሰፋውም በኑዛዜ ነው፣ ያውም ገንዘብ ሳይሆን የሚበላ አፍ ባመጣ ኑዛዜ። መሥራቿ ዶክተር ኤልሳቤት ስቬንድሰን የሆቴል ባለቤት ነበሩ። በ1969 ናውቲ ፌስ የተባለችውን የመጀመሪያ አህያቸውን ገዙ፤ ኤክሰተር ገበያ ላይ ተጎሳቁለው የታጎሩ አህዮች ካዩ በኋላ ነገሩ መዝናኛ መሆኑ ቀረ። በ1974 ሌላ የአህያ መጠለያ ይመሩ የነበሩ ሴት ሲሞቱ 204 አህዮች አወረሷቸው። ሁለት መቶ አራት! መኖ፣ ጋጣ፣ የሰኮና ሞራጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈለገ። ስቬንድሰን በ2011 አርፈዋል።

ስለ ኑዛዜው አሠራር ትንሽ ልቆይበት፤ እንግሊዝ አገር ቤት ያፈራ ወገን ሁሉ የሚጠቅመው ነገር አለበትና። የተወሰነ ገንዘብ መናዘዝ ይቻላል፤ «5,000 ፓውንድ» ተብሎ የተጻፈ ግን ተናዛዡ ሠላሳ ዓመት ቢኖር የዋጋ ንረት ይበላዋል። ስለዚህ ድርጅቶቹ የሚመርጡት ዕዳና ሌላው ስጦታ ሁሉ ተከፍሎ ከሚተርፈው ሀብት በመቶኛ እንዲጻፍ ነው። ለበጎ አድራጎት የተሰጠው ከውርስ ግብር ነጻ ነው። ግብሩ በመደበኛው ከ325,000 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 40 በመቶ ሲሆን፣ ከዚህ ግብር ከሚያርፍበት ክፍል ቢያንስ አንድ አሥረኛው ለበጎ አድራጎት ከተሰጠ በቀሪው ላይ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። የሚበላሸውስ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ ስሙ ላይ። «ለአህያ መጠለያው» ብሎ የተጻፈ የትኛውን መጠለያ ማለቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? የምዝገባ ቁጥሩ አብሮ መጻፍ አለበት፤ የዚህኛው 264818 ነው። ሁለተኛ፣ ምስክሮቹ ላይ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፣ ወራሽ የሆነ ሰው ወይም ባለቤቱ ከፈረመ ግን ኑዛዜው ቢጸናም የሱ ድርሻ ይወድቅበታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፦ «ለዚህ ጋጣ ጣሪያ ብቻ» ዓይነት ጠባብ ቃል። ጋጣው በኋላ ከፈረሰ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል የሕግ ጣጣ ያመጣል።

ማደጎው ቀለል ያለ ነው። የሚመረጡት ሰው የማይሸሹ፣ ጠባያቸው የተሞከረ አህዮች ናቸው። አንዷን ብዙ ሰው በማደጎ ይይዛታል፤ ገንዘቡም የእሷ ብቻ አይደለም፣ ለመንጋው ሁሉ ይውላል፤ ይህም አስቀድሞ ይነገራል፣ ካልተነገረ ቅሬታ አይቀርም። ለአሳዳጊው የሚላከው የምስክር ወረቀት፣ ፎቶና ወሬዋን የሚነግር ጽሑፍ ነው። ወረቀት ብቻ የሆነው በንፉግነት አይደለም። ጊፍት ኤይድ በሚባለው ሥርዓት ግብር ከፋይ ሰው በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ሳንቲም ይጨምራል፤ ለጋሹ በምላሹ የሚያገኘው ጥቅም ግን እስከ 100 ፓውንድ ድረስ ከስጦታው 25 በመቶ ማለፍ የለበትም። ለ20 ፓውንድ ስጦታ የ8 ፓውንድ አሻንጉሊት የላከ ድርጅት ጭማሪውን ያጣል።

ደጋፊዎቹ የሚከበሩት በግንቦት ነው። የአህያ ሳምንት ይሉታል፤ ከየአገሩ መጥተው ሲድማውዝ ሆቴሎች ውስጥ ያርፋሉ፣ ቀን ቀን እርሻዎቹን ይዞራሉ። ዋንጫ፣ ረጅም ንግግር የሚጠብቅ እዚህ አይምጣ። ክብሩ አህዮቹ አጠገብ መቆም ነው። እያንዳንዷ አንገቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ማሰሪያ አላት፣ ስለዚህ ሰው በስም ይፈልጋታል። ትከሻዋ ላይ፣ ጋማዋ የሚያልቅበት ቦታ ሲያኩላት ጆሮዋን ወደ ጎን ትጥላለች፣ የላይኛው ከንፈሯ ወደ ፊት ተስቦ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራውም ከጸጉሯ ቡን ይላል። ለዚህ ብለው በየዓመቱ አገር የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ።

ይዞ መምጣት የተከለከለ ነገር ቢኖር ምግብ ነው። የአህያ ሆድ ለደረቅ አገር የተሠራ ስለሆነ ዋና መኖዋ የገብስ ገለባ ነው። የግንቦት ሣር ራሱ ይበዛባታል፤ ትወፍራለች፣ ሰኮናዋ ውስጥ ያለው ሥጋ ያብጥና መራመድ ያቅታታል። አንድ ጎብኚ የሚሰጣት አንድ ካሮት ምንም አይደለም፤ መቶ ጎብኚ ሲሰጣት ግን ሕመም ነው። ከዚያም ሌላ፣ እጅ ማሽተት የለመደች አህያ መንከስ ትጀምራለች። ጓደኛሞችንም አይለያዩም። ጓደኛዋን ያጣች አህያ መብል ትተዋለች፤ ሳትበላ ስትቆይ የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ይጎርፍና ጉበቷንና ኩላሊቷን ይጥላል። አንዷ ስትሞት ሌላዋ ከሬሳው አጠገብ እንድትቆይ የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ ሞቷን አይታ ካረጋገጠች ፍለጋውን ትተዋለች።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ነገር ግቢው ውስጥ አይታይም። ድርጅቱ ቢሾፍቱ ላይ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ጋር ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፦ ገጣባ ማከም፣ ጀርባ የማይልጥ ጭነት መደላድል ማሳየት። የአህያ ቆዳ ንግድን ከተሟገቱትም አንዱ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲቆም ወስኗል። ሙግት ግን ፎቶ የለውም፣ በማደጎ አይሸጥም። የእህል በረንዳ አህያ ስም የተጻፈበት አንገት ማሰሪያ አታደርግም። የዚህ ሥራ ወጪ የሚሸፈነው ቅድመ ሁኔታ ካልተጻፈበት ገንዘብ ነው። «ለኢትዮጵያ ብቻ» ብሎ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ድርጅቱ ለዚያ ብቻ የማዋል ግዴታ ስላለበት ከመስጠት በፊት በዓመቱ እዚያ የሚሠራ ሥራ መኖሩን መጠየቅ ይገባል።

በማኅበር አዋጥተው መስጠት ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ነገር። እንደ ልማዳችን አንዱ ሰብስቦ በራሱ ካርድ ከከፈለ በሙሉው ላይ ጊፍት ኤይድ መጠየቅ አይቻልም፤ የሰጠው እሱ አይደለምና። ቅጽ ይዘው ይዙሩ፣ እያንዳንዱ ሙሉ ስሙን፣ የቤቱን አድራሻ ከነፖስታ ኮዱ፣ መጠኑንና ቀኑን በእጁ ይጻፍ፣ ግብር የሚከፍል ብቻ ምልክት ያድርግ። ግብር ሳይከፍል ምልክት ያደረገውን ሰው መንግሥት ልዩነቱን ሊጠይቀው ይችላል። የሎተሪ ትኬት የተሸጠበት ገንዘብ እንደ ስጦታ ስለማይቆጠር ከቅጹ ጋር አይደባለቅ፣ ለብቻው ይግባ።