ያልታደሰው ገጽ

ዛሬ ማምሻውን ከቺቼን ኢጻ ተመልሼ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ መተኛት አልፈለግሁም። በሜክሲኮ ዩካታን፣ በዚያ የጥንት የማያ ሕዝብ ከተማ የሚገኘውን የእባብ አምላክ የኩኩልካንን ፒራሚድ፣ ስፔናውያን «ካስቲዮ» ያሉትን፣ ለማየት ስነሣ በሐሳቤ የነበረው እንደ ማንኛውም ጎብኚ የሰሜኑ ደረጃ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛውን ሰዓት ያሳለፍሁት በምሥራቅና በደቡብ በኩል ቆሜ ነው።

የሰሜኑ ገጽ ዓይን ይይዛል። 9 እርከኖች እየጠበቡ ይወጣሉ፤ ከፍታው ከነቤተ መቅደሱ 30 ሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ያሉት 91 ደረጃዎች በ4 ተባዝተው ከላይኛው ወለል ጋር ሲደመሩ 365 ይሆናሉ። ደረጃው 9ኙን እርከኖች መሐል ለመሐል ስለሚከፍላቸው በአንድ ገጽ 18 ክፍል ይገኛል፤ የማያ ዓመትም 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት ኖሮት በመጨረሻ 5 ቀን ይጨመርበታል። ከወራት ተርፈው ለብቻቸው የሚቆሙ አምስት ቀናት ምን እንደሚመስሉ፣ ጳጉሜንን እየቆጠርሁ ላደግሁት ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከዚያ ሕንፃ ጋር የተዋወቅሁት በዚህች በኩል ነው።

ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእርከኖቹ ማዕዘን በደረጃው ጎን ግንብ ላይ የብርሃን ሦስት ማዕዘኖችን ይጥላል፤ እነዚህም ከሥር ካለው የድንጋይ እባብ ራስ ጋር ተጋጥመው የሚወርድ እባብ ይመስላሉ። ይሁንና ያን ጥላ የሚጥለው ጠርዝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት የተስተካከለ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1842 ቦታውን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ፍሬደሪክ ካተርውድ የሣለው ሕንፃ ዛፍና ቁጥቋጦ የወረሰው ነበር። የፒራሚዱ ውስጥ በድንጋይና በኖራ የተሞላ ሙሌት ነው፤ ጥርቡ ድንጋይ ልብሱ ብቻ ነው። የኖራው ልስን አንዴ ከተሰነጠቀ ውኃ ይገባል፣ ሥር ይከተላል፣ ልብሱም ድንጋይ በድንጋይ እየተገነጠለ ይወርዳል።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሜክሲኮ መንግሥት ባለሙያዎች ሕንፃውን ሲያድሱ የሰሜኑንና የምዕራቡን ገጽ መልሰው ገነቡ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ግን በአብዛኛው እንደ ፈረሱ ተዉአቸው። ምክንያታቸው ምንም ይሁን ምን፣ እኔ ይህን ከሥራቸው ሁሉ አብልጬ አከብራለሁ። የታደሰው ገጽ የሕንፃውን ቅርጽ ያስረዳል፣ ያለ እርሱ የቁጥሩ ሥርዓት ባልታየን ነበር፤ ያልታደሰው ደግሞ ጊዜ ምን እንደሠራና የሰው እጅ የቱ ድረስ እንደገባ በግልጽ ይመሰክራል። አራቱም ቢታደሱ ኖሮ ማስረጃው በአዲስ ግንብ ሥር ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

ደግሞስ የትኛውን ሕንፃ ነው የምናድሰው? ዛሬ ራቁቱን የቆመው ግራጫ ድንጋይ በዘመኑ ተለስኖ ቀለም የተቀባ ነበር። በ1930ዎቹ በተቆፈረ ዋሻ ከውስጡ ሌላ ፒራሚድ፣ በዚያም ቤተ መቅደስ ውስጥ ነጠብጣቡ ከአረንጓዴ የጄድ ድንጋይ የሆነ፣ ጃጓር በሚባለው ነብር መሳይ አውሬ ቅርጽ የተሠራ ቀይ ዙፋን ተገኘ። በ2016 ደግሞ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ከሁለቱም ውስጥ 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሦስተኛ ሕንፃ መኖሩን አስታወቁ። ማያዎች አሮጌውን አላፈረሱም፤ በላዩ አለበሱት እንጂ። እኛ ግን የመጨረሻውን ልብስ ብቻ ይዘን፣ በአንድ ዘመን መልኩ ላይ አቁመነዋል።

ከ2006 ወዲህ መውጣት ስለተከለከለ ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል። መውጫ ሰዓት ሲደርስ ምዕራቡና ደቡቡ ወደሚገናኙበት ማዕዘን ተመለስሁ። በግራዬ የእርከኖቹ መስመር እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በቀኜ ያው መስመር ይላላል፣ ድንጋዩ ይጎድላል፣ ሙሌቱ ይታያል፣ በስንጥቁም ሣር በቅሏል። ጠባቂው እስኪጠራኝ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስሁም።