አባ ሳሙኤልን ከዳሩ ሳይሆን ከቦረቦሩ

የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲነሳ ቀድሞ ዓይን የሚገባው እምቦጩ ነው። ሲነቀል ሥራው ይታያል፣ ፎቶም ይወጣበታል። የመንደር ማኅበራት ጉልበታቸውን ዳር ላይ የሚጨርሱትም ለዚህ ይመስለናል። ሐይቁ ግን ግድብ ነው፤ ግድብን ደግሞ የሚገድለው ደለል ነው። ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው የግድቡ ጣቢያ በደለልና በእንክብካቤ ማጣት ለአስርት ዓመታት ቆሞ፣ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ነው።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን እጣቢ ተሸክመው እዚሁ ይገናኛሉ። ይህን አንድ የመንደር ማኅበር አያቆመውም፤ አቆማለሁ ብሎ ደብዳቤ ሲያመላልስ ዓመቱ ያልቃል። ከዙሪያው ማሳ የሚወርደው አፈር ግን የእሱ ድርሻ ነው።

አፈሩ የሚወርደው ጎርፍ በቆፈረው ቦረቦር ነውና ከቦረቦሩ አናት ይጀመር። ታችኛው ሰፊ ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ይሁን እንጂ ላይኛው ጎርፍ ሳይበርድ ታች የተሠራ ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያበርድ አጭር የድንጋይ ግድብ፣ አንድ ክረምት አይሻገርም። የክትሮቹን ርቀት ለማግኘት የክትሩን ቁመት በ1.2 አባዝቶ ለተዳፋቱ ማካፈል ነው፦ 1 ሜትር ቁመት ያለው ክትር፣ ወለሉ 10 በመቶ (0.1) በሚያዘቀዝቅ ቦረቦር ውስጥ በየ12 ሜትሩ ይቆማል። ድንጋይ ለመቆጠብ በየ30 ሜትሩ ሲሠራ በመካከል ያለው ወለል ይታጠብና የላይኛው ክትር ከሥሩ ተሸርሽሮ ይገለበጣል።

መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይቆፈር፤ ክንፎቹም ግራና ቀኝ ቢያንስ ያንኑ ያህል ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ይግቡ። መሐሉ ከጫፎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ብዙ ክትር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አናቱን እንደ አጥር ግንብ ደልድሎ ማሳመር። ያኔ ውሃው በጎን ይዞርና ቦረቦሩን ከቀድሞው አብልጦ ያሰፋዋል። እግሩ ሥር፣ ውሃው የሚወድቅበት ላይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ደግሞ ሁለት ሰው አካፋ ይዞ ክትሮቹን ይዙር፤ የወጣን ድንጋይ ያኔ መመለስ ቀላል ነው።

ማሳው ላይ ጣጣው መረሬው ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃ አያሰርግም። ለቀይ አፈር የሚሆነው ፍጹም አግድም እርከን እዚህ ውሃ አቁሮ ስንዴውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ገበሬውም ሐምሌ ላይ ይቀደዋል፣ አይፈረድበትም። ስለዚህ እርከኑ ትንሽ ያዘቅዝቅ። ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል፤ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይያዝ። መውጫው ሣር ወደ ለበሰ ማፋሰሻ ይሁን፣ ወደ ክፍት ቦረቦር ከተለቀቀ ሌላ ቦረቦር ይወለዳል። አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን በተለመደው ስሌት 150 የሰው ቀን ይፈጃል፦ ለ30 ሰው አምስት ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ከሆነ አምስት ሳምንት። ሰብሉ እንደተነሳ፣ መረሬው እንደ ድንጋይ ሳይደርቅ ይቆፈር።

እርከኑ ላይ ከዛፍ ችግኝ ይልቅ ደሾ ሣር ይቅደም፤ ቶሎ ይይዛል፣ ለከብትም ይታጨዳል። ክረምቱ ሲገባ ግንጣዩ ይተከል። ሣሩን ማን እንደሚያጭደው ግን ከመቆፈሩ በፊት ይጻፍ፦ በግል ማሳ ላይ ለባለማሳው፣ በወል መሬት ላይ በዕጣ። ከአጨዳ በኋላ ከብቱ ልቅ ከተለቀቀ እርከኑ በአንድ በጋ ይረገጣል። የልቅ ግጦሹን ቅጣት ዕድሩ ቢይዘው ከማኅበሩ ይልቅ ይሰማል።

እምቦጩስ? ይነቀል፣ ግን ሐምራዊ አበባውን ሳያወጣ፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቁራጭ ከቀረም ከዚያው ይራባል። ክምሩ የክረምቱ ውሃ ከሚደርስበት በላይ ይቀመጥ፣ ዳር ከተተወ በጎርፍ ተመልሶ ይገባል። ያለ ረጅም ቡትና የላስቲክ ጓንት ማንም ውሃው ውስጥ አይግባ። ተክሉ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ከውሃው ስለሚመጥ ለከብት አይሰጥ፣ ብስባሹም ጎመን መደብ ላይ አይደፋ፤ የማይበላ ዛፍ የሚተከልበት ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።