ከጋሸና ወዲህ
ዛሬ ላሊበላ ገባን። ከደብረ ታቦር ከወጣን ዘጠነኛ ቀናችን። ነፋስ መውጫ ላይ ብርዱ፣ ከጋሸና ወዲህ ደግሞ አቧራው! እኔ ባለ ስኒከሩ እግሬ ውኃ ቋጥሮ ሳነክስ፣ በባዶ እግራቸው የሚቀድሙኝ እማማ «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰናል» ይሉኛል። (ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው ደርሰናል የሚሉት።) በሶዬ ሲያልቅ ከስልቻቸው ዳቦ ቆሎ ዘገኑልኝ።

ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ወጣት ሳፋ ይዞ ጠበቀንና እግርህን ልጠብህ አለኝ። አፈርኩ፤ ካልሲዬ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ለብ ባለ ውኃ እያራሰ ቀስ አድርጎ አላቀቀው። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ታኅሣሥ 29 ጠዋት ብቻ ነው፦ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ፣ ከታች ቤተ ማርያም ግቢ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን የልደት ዝማሬ ሲሉ የት ብንቆም ይሻላል?