አለቃዬን «ቦምብሼል» ያልኳት ቀን

ሰሞኑን ዲቪ የደረሰው የአክስቴ ልጅ ከደሴ ደውሎ «እንግሊዝኛው መቼም አያስቸግረኝም፣ ፊልም ያለ ትርጉም ነው የማየው» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔም ስመጣ እንደሱ ነበርኩ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የእረፍት ክፍላችን ቲቪ ቀኑን ሙሉ ዜና ነው፤ «ቦምብሼል» የማይልበት ቀን የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሳንድዊቼን ይዤ ክው እል ነበር፣ የት ፈነዳ ብዬ። ለካ አንዱ ፖለቲከኛ የተናገረው ነገር ነው። ድንገተኛ ዱብ ዕዳ ወሬ ማለት ነው፣ በቃ ገባኝ አልኩ። እነሱ እንደሆነ በቦምብ ይጫወታሉ። የአየር ግፊቱ በ24 ሰዓት ውስጥ 24 ሚሊባር ገደማ ዘጭ ያለ አውሎ ነፋስ «ቦምብ ሳይክሎን» ነው። የጣፈጠ ምግብ ቦምብ ነው። ገንዳ ውስጥ ጥለው የሚታጠቡበት ድቡልቡል ነገር እንኳ ቦምብ!

ታዲያ አንድ ቀን አለቃችን፣ ስልሳውን ያለፈች ኮስታራ ሴትዮ፣ ሰብስባን በወሩ መጨረሻ ጡረታ እንደምትወጣ ነገረችን። ሁሉም «ኦ ማይ ጋድ» አለ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬን ላሳይ ብዬ ከሁሉም ጮክ አድርጌ «ዩ አር ኤ ቦምብሼል!» አልኳት።

ቤቱ ጭጭ። ሳህን የሚያጥበው የኤል ሳልቫዶር ልጅ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይርገፈገፋል። እሷ እስከ አንገቷ ቀላች።

ወሬውን ሳይሆን ሴትን እንዲህ ካልካት ነገሩ ሌላ ነው ለካ። በ1933 ጂን ሃርሎው የምትባል ተዋናይት በዚሁ ስም ፊልም ሠርታ ነበርና፣ ወንዱን ሁሉ አንገት የምታስጠመዝዝ ቆንጆ ማለት ነው። አለቃን! በሥራ ቦታ! እዚህ አገር በዚህ እንጀራ ይዘጋል። ቢሮ ስትጠራኝ ጉልበቴ ከዳኝ። እየተንተባተብኩ ሳስረዳት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ «ካገባሁ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለችኝ።

እኛ ጋ እኮ ክፉ ወሬ እንዲህ አይወረወርም። አባቴ ሲሞት የሰፈሩ ሐበሻ አራት ቀን ሙሉ አውቆ፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ኳስ አይ ነበር። ሊነጋ ሲል በር ተንኳኳ፤ ስከፍት ስድስት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ደግ ነው ልበል እንጂ ቀብሩ አመለጠኝ፣ እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ ምናለ ቦምቡን በስልክ በጣሉብኝ እላለሁ።

ለአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ኤርፖርት ውስጥ ያቺን ቃል ለቀልድ እንኳ እንዳያነሳት፣ አንዲት ቃል ሰው አፍ ላይ ስለሰማ ብቻ ዘሎ እንዳይጠቀማት፣ መጀመሪያ ስድስት ወር ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ መከርኩት። ጸጥ ብሎ ሰማኝና፣

«ቆይ ግን፣ ሴትየዋ ቆንጆ ነበረች?» አለኝ።